የፊት ጎማ ኩሽኔታ ምን ያህል ይጥበቅ?

ጥያቄው ከጅማ የመጣ ነው። ለማያውቅ ሰው፦ ኩሽኔታ ጎማው ሳይፈተግ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ሮለር ቀለበት፣ ሞዞ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የጎማው መሃል፣ ዳዶ ደግሞ እነዚህን አክስሉ ጫፍ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ባለ ጥርስ ማሰሪያ ነው። «ጋሼ፣ የቆየ አይሱዙ ኤን ፒ አር አለኝ። ከአጋሮና ከሊሙ ጀንፈል ወደ ጅማ አመላልሳለሁ፤ ጭነት ሲገኝ አዲስ አበባም እወጣለሁ። የፊት ቀኝ ጎማ መሞቅ ከጀመረ ቆይቷል። ጥር ላይ ኩሽኔታው ተቃጥሎ የውጪኛውን ብቻ ቀየርን። መካኒኩ ዳዶውን ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሦስት ወር ሳይሞላው አሁን ደግሞ መጮህ ጀምሯል። ሌላ መካኒክ ጋ ስሄድ ‹በጣም ጠብቆ ነው፣ ላላ ይበል፣ ኩሽኔታ መተንፈሻ ይፈልጋል› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ግሪስ አንሶት ነው፣ ሞዞውን ጢም አድርገህ ሙላው› ይላል። የማንን ልስማ? ዳዶው ስንት ነው የሚጠብቀው?»

የማንንም አትስማ። ሦስቱም ሥራ አያውቁም ማለቴ አይደለም። እያንዳንዳቸው አንድ መኪና ላይ የሠራላቸውን ዘዴ ይዘው የመጣ መኪና ሁሉ ላይ ይሞክሩታል። ያንተም ጥያቄ የጀመረው ከመጨረሻው ነው። ዳዶ ማስተካከል የሥራው ማብቂያ ነው። ኩሽኔታህን የበላው ከዚያ በፊት የተዘለለ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው «የውጪኛውን ብቻ ቀየርን» የምትለዋ ላይ ነው።

በአንድ የፊት ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ። ትልቁ በውስጥ በኩል ነው። ትንሹ በውጭ በኩል፣ ዳዶው ሥር ነው። ሁለቱም ሾጣጣ ሮለር ያላቸው ናቸው፤ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ። ሄንሪ ቲምከን የሚባል አሜሪካዊ ሠረገላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዓይነት ነው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሮለሩ ሾጣጣ ስለሆነ ከላይ የሚመጣውን ክብደትም፣ ኩርባ ላይ ከጎን የሚገፋውንም አንድ ላይ ይሸከማል። ግን ጣጣ አለው። ተራው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ክፍተቱ ፋብሪካ ውስጥ ተወስኖ ይመጣል። የዚህኛውን ክፍተት የሚወስነው ዳዶውን የያዘው ሰው ነው።

ከሁለቱ ብዙውን ክብደት የሚሸከመው የውስጠኛው ነው፤ ለጎማው መሃል የሚቀርበው እሱ ነውና። ስለዚህ የውጪኛው ተቃጥሎ የውስጠኛው ደህና ነው ማለት ዘበት ነው። ግሪሱ አንድ ነው፣ ሙቀቱም አንድ ነው። የውጪኛው ሲፈረካከስ የብረት ብናኙ በግሪሱ ተይዞ ወደ ውስጠኛው ይሄዳል። አዲሱ ሲገባ ደግሞ ያው ብናኝ ወደ አዲሱ ይመለሳል። በዚያ ላይ አንዱ ዳዶ ሁለቱንም ነው የሚያስተካክለው። አንዱ ያረጀ፣ አንዱ አዲስ ከሆነ ለሁለቱም የሚስማማ ቦታ አታገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቅልኝ። ብዙ ጊዜ «ቀየርን» ሲባል የተቀየረው ሮለሮቹን የያዘው የውስጥ ክፍል ብቻ ነው። ሞዞው ውስጥ ተጠብቆ የተቀመጠው የውጭ ቀለበት ማውጣቱ ስለሚያደክም እዚያው ይተዋል። አዲስ ሮለር በተበላ ቀለበት ላይ ከሮጠ ሦስት ወር ቆየ ማለት ራሱ ጥሩ ነው። ያንተም እንዲህ ተሠርቶ ከሆነ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የሞቀ ጎማ ሁሉ የኩሽኔታ ችግር የለበትም። ከአበልቲ በኩል ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት በጭነት ወርደህ ታች ስትቆም ታምቡሩ፣ የፍሬን ሸራው የሚይዘው ከበሮ፣ ሁሉ ይፋጃል። ያ የፍሬን ሙቀት ነው፤ ወደ ሞዞውም ይዛመታል። እዚያ ቆመህ ነክተህ «ኩሽኔታው ሞቀ» ብትል ራስህን ታታልላለህ። ፍሬን ብዙ በማትይዝበት መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ንዳ። መቆሚያህ ሲደርስ በማርሽ እያቀዘቀዝክ፣ ፍሬኑን ሳትጨክንበት ቁም። ከዚያ የግራና የቀኙን አወዳድር። ሁለቱም እኩል ለብ ካሉ ሰላም ነው። ከአንዱ ወገን ታምቡሩ ከሞዞው ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬን ይዟል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ተጣብቆ ይሆናል፣ የሸራው ማስተካከያ ጠብቆ ይሆናል፣ ወይም የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አልመልስ ብሎ ይሆናል። ሙቀቱ የባሰው መሃል ላይ፣ የሞዞው ክዳን አካባቢ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ነው።

የሙቀት መለኪያ ካገኘህ ጥሩ። ብቻ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረውን ይዘህ እንዳትመጣ። እሱ ለሰው ገላ የተሠራ ነው፤ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ አያነብም። ከሌለህ እጅህ ይበቃል፤ መጀመሪያ የእጅህን ጀርባ አስጠግተህ ሞክር፣ ከዚያ መዳፍህን አሳርፍ። አምስት ሰከንድ ያህል ማቆየት ካቃተህ 60 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። የውሃ ጠብታ ስትጥልበት ጭስ ብሎ ከተነነ ከ100 አልፏል። በዚያ ሁኔታ መኪናው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ጭነቱ የማንም ይሁን።

ቀጥሎ ጎማውን አንሳው። የኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላቸው ታኮ ይደረግ። ክሪኩ አክስሉ ሥር ይግባ፣ ከዚያ ካቫሌቶ (ባለ እግር የብረት መቆሚያ) ይቁም። በብሎኬት ወይም በድንጋይ ላይ የቆመ መኪና ሥር እጅህን አታስገባ። የጅማ መሬት በክረምት ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ፤ ካቫሌቶው ሥር ወፍራም ጣውላ ካልገባ መስመጡ አይቀርም።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ አወዛውዝ። ቋ ቋ ካለ ረዳትህ ገቢና ገብቶ ፍሬን ይርገጥ፤ አንተ ማወዛወዝህን ቀጥል። ፍሬን ሲያዝ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ፔርኖው (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ፒን) ወይም ቦኮላው (የፒኑ ቡሽ) አልቋል። ግራና ቀኝ ይዘህ ስታወዛውዝ ብቻ የሚሰማ ልቅነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቴስቲኒ፣ የመሪ ዘንጉ መገጣጠሚያ፣ ነው። ይህቺን የፍሬን ፈተና ሳያደርጉ የፔርኖን ልቅነት በኩሽኔታ ዳዶ ሊያጠፉ የሚታገሉ ብዙ ናቸው። ዳዶው ይጠብቃል፤ ልቅነቱ እዚያው ነው። እንደገና ይጠብቃል፤ አሁንም እዚያው ነው። በመጨረሻ ፔርኖው ምንም ሳይሆን ኩሽኔታው ይቃጠላል። ያንተ መካኒክ ቧንቧ የሰካው በዚህ ምክንያት ከሆነ አይገርመኝም።

ጎማው እንደተንጠለጠለ አንድ እጅህን ባሌስትራው (መኪናውን የተሸከመው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ላይ አሳርፍ፣ በሌላው ጎማውን አሽከርክር። ጤነኛ ኩሽኔታ ዝም ነው። የተበላ ከሆነ በባሌስትራው በኩል መዳፍህ ላይ ሻካራ ንዝረት ይመጣል። ጆሮህ ገና ሳይሰማው መዳፍህ ይነግርሃል።

ጥፍር አድርጎ ማሰር ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ሾጣጣ ሮለር ሲጠብቅ ወፍራሙ ጫፉ በውስጥ ቀለበቱ ጠርዝ ላይ እየተጫነ ይንሸራተታል። እዚያ ብረትን ከብረት የምትለየው ስስ የግሪስ ሽፋን ብቻ ናት። ጫናው ሲበዛ ሽፋኗ ትቀደዳለች። ሙቀት ይፈጠራል። የውስጠኛው ቀለበት ከውጪው ቀድሞ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ስለዚህም የባሰ ይጠብቃል። ሲጠብቅ የባሰ ይሞቃል። ግሪሱ ቀልጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው። ቀለበቱ ከአክስሉ ጫፍ ጋር ይጣበቃል፣ ማሰሪያውን ይቆርጣል፣ ጎማው ከነሞዞው ሊወጣ ይችላል።

ማላላትም መድኃኒት አይደለም። ኩሽኔታ አይተነፍስም። ሲላላ ክብደቱ በጥቂት ሮለሮች ላይ ብቻ ያርፋል፤ እነሱም ጉድጓድ በገቡ ቁጥር ቀለበቱን ይመቱታል። ሞዞው ስለሚወዛወዝ የኦይል ሲሉ፣ ግሪሱን አጥሮ የሚይዘው ጎማ፣ ከንፈሩ ይበላል፤ ውሃና ጭቃ ይገባል። ታምቡሩ ስለሚንሻፈፍ ፍሬን ስትይዝ መሪው ይጎትትሃል። ጎማህም አንድ ቦታ ብቻ እየተበላ ጎድጎድ ይላል። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከሁለቱ ጥፋት ላላ ያለው ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፣ የጠበቀው ድንገት። የቆዩ መካኒኮች ወደ ላላው የሚያደሉት ለዚህ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

የመካኒኮችህ ጭቅጭቅ የመጣው መኪና ከመኪና ስለሚለይ ነው። በአሜሪካ የጭነት መኪና ባለቤቶች ማህበር ሥር ያለው የቴክኖሎጂና የጥገና ምክር ቤት አርፒ 618 የሚባል የአሠራር መመሪያ አለው። ለትልልቆቹ ከባድ መኪናዎች ነው። እዚያ ዳዶው፣ ሞዞው እየተሽከረከረ፣ መጀመሪያ እስከ 270 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ይፈታል። እንደገና እስከ 68 ገደማ ይጠብቃል። በመጨረሻ እንደ ጥርሱ ዓይነት የዙር ስድስተኛ ወይም ሩብ ያህል ወደኋላ ይመለሳል። ውጤቱ ዳያል ጌጅ በሚባለው ባለ ሰዓት መለኪያ ሲታይ ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም የማይርቅ ክፍተት ነው። ሁለተኛው መካኒክህ «ላላ ይበል» ሲል በጆሮው ያለው እንዲህ ያለ መኪና ሳይሆን አይቀርም። ልብ በል፣ 270 የሚለው ቁጥር የመጨረሻው ጥብቀት አይደለም፤ ሮለሮቹን ቦታ ለማስያዝ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከመሃል ቆርጠው ይዘው የሚሄዱ አሉ። ያንተ መኪና ላይ ደግሞ እሱንም አትሞክር።

አይሱዙህ በሌላ መንገድ ነው የሚስተካከለው። አምራቹ የሚፈልገው ክፍተት አይደለም፤ ቀለል ያለ ጫና ነው፣ የሚለካውም በሚዛን ነው። የጎማ ቡሎን ላይ ሚዛን ይንጠለጠላል፣ ይሳባል፣ ሞዞው መዞር ሲጀምር ስንት እንዳነበበ ይታያል። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉና እንደ ዓመቱ ይለያያል፤ ለአዲስና ላገለገለ ኩሽኔታም አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከእኔ ቁጥር አትቀበል። የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ አስፈልግ። ጥቂት ኪሎ ብቻ እንደሆነ ግን አውቀህ ግባ። በቧንቧ የታሰረ ሞዞ ከዚያ እጅግ ይርቃል።

ሚዛን ጅማ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ሂርማታ ገበያ ቡና በኪሎ የሚሸጥባት ትንሿ ተንጠልጣይ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ትበቃለች። ኬሻ የሚመዘንበት ትልቁ አይሆንም፤ ጥቂት ኪሎን በትክክል ለይቶ አይነግርህም። ትንሿንም ሳታምናት በፊት ፈትናት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፍሬን ሸራውን ማስተካከያ አላላ። ሸራው ታምቡሩን እየነካ የተለካ ሚዛን ውሸት ነው የሚናገረው። ሞዞው ተጠርጎ፣ ኩሽኔታው ግሪስ ጠጥቶ፣ ሲሉ አዲስ ሆኖ ከገባ በኋላ ዳዶውን ሞዞውን ወደፊትም ወደኋላም እያሽከረከርክ አጥብቅ። የቆመ ሞዞ ላይ ማጥበቅ የተለመደው ጥፋት ነው። ሮለሮቹ ቦታቸውን ሳይይዙ የጠበቀ ይመስልሃል፤ አጋሮ ደርሰህ ሳትመለስ ይላላል። መጽሐፉ የሚለው ኃይል ላይ ስትደርስ ቁም። አሁን ዳዶውን ዘና እስኪል ፍታው። እንደገና በቡሶላ (ዳዶውን በሚያለብስ ቁልፍ) እና በአጭር እጀታ ብቻ፣ እያሽከረከርክ፣ በትንሽ በትንሹ አምጣው። ሚዛኑን የምትሰቅልበት ቡሎን ከላይ ይሁን። ሚዛኑን አግድም፣ ወደ መኪናው ፊት ወይም ኋላ ሳብ። ወደ ራስህ ወይም ወደ ታች ከሳብከው ንባቡ ይበላሻል። ካነሰ ቅንጣት አጥብቅ። ከበዛ ደግሞ ትንሽ ፈታ አድርገህ አትለፈው፤ ዘና አድርገህ ከመጀመሪያው ጀምር።

ማሰሪያው እንደ መኪናው ነው። ባለ ቀዳዳ ዳዶና ኮፒሊያ (በቀዳዳው አልፎ የሚታጠፍ ፒን) ያለው አለ፣ ጆሮው የሚታጠፍ ሮንዴላ ያለው አለ፣ በቪቴ (በትንሽ ብሎን) የሚያዝ ሳህን ያለውም አለ። ኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጥም ካለ ለማግጠም ብለህ አታጥብቅ፤ ወደ ቅርቡ ቀዳዳ ፈታ አድርግ። በቪቴ የሚያዘው ሳህን ካልገጠመ ገልብጠህ ሞክረው፤ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው በሌላ ቦታ ይመጣል። ካሰርክ በኋላ ሚዛኑን ድጋሚ አንብብ። ያገለገለ ኮፒሊያ አቃንቶ መመለስ፣ በሚስማር መተካት፣ በሽቦ መቋጠር የለም። ጎማህን አክስሉ ላይ የያዘው ያ ቁራጭ ነው።

ስለ ግሪሱ ሦስተኛው ሰውህ ግማሽ እውነት ይዟል። ሊያንስ ይችላል፤ ግን ጢም አይደረግም። የተሞላ ሞዞ ውስጥ ግሪሱ የሚሄድበት ስለሌለ ይታሻል፣ ይሞቃል፣ ሲሉን ገፍቶ ሸራው ላይ ይፈሳል። ግሪስ የነካው ሸራ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። መሞላት ያለበት ኩሽኔታው ነው። መዳፍህ ላይ ጉብ ያለ ግሪስ ያዝ። ኩሽኔታውን በሌላው እጅ ይዘህ ሰፊውን ጠርዙን ግሪሱ ላይ እየገፋህ ተጫን። ግሪሱ በሮለሮቹ መሃል አልፎ በጠባቡ በኩል እንደ ትል እየሆነ ሲወጣ ያ ቦታ ጠግቧል። ዞር አድርገህ ቀጥል፣ ዙሪያውን እስክትጨርስ። ሞዞው ውስጥ ደግሞ በሁለቱ ቀለበቶች መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ብትሞላ ይበቃል።

ዓይነቱም ይለያል። ለባሌስትራ ፒን የሚገፋው ተራ ካልሲየም ግሪስ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ለሞዞ ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ቁጥር 2 ውሰድ፤ የማቅለጫ ነጥቡ ከ250 ዲግሪ በላይ ነው። ጣሳው ላይ ጂሲ የሚል ምልክት ካለ ለጎማ ኩሽኔታ የተፈተነ ነው። ቀለሙን አትመን፤ ሰማያዊም ቀይም ቀለም ብቻ ነው። አሮጌውን ሙልጭ አድርገህ ሳታጥብ በላዩ አዲስ አትጨምር። አንዳንድ ግሪሶች ሲቀላቀሉ ውሃ ሆነው ይፈሳሉ። ማጠቢያው ናፍታ ወይም ላምባ ይሁን፣ ቤንዚን አይሁን። ካጠብከው በኋላ በኮምፕሬሰር እየነፋህ አታሽከርክረው። ፉጨቱ ደስ ይላል፣ ብዙ ልጆች ይወዱታል፤ ግን የደረቀ ብረት በዚያ ፍጥነት ይቧጨራል፣ ሮለርም ተፈናጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የታምቡሩንም አቧራ አትንፋ። በቆዩ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሳንባ ነው የሚበላው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ከታጠበ በኋላ ተመልከተው። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ቀለም ካየህ ነዷል። በቀለበቱ ላይ ሮለሮቹ በተራራቁበት ልክ የተሰለፉ ጥቁር ሰረዞች ካሉ ውሃ ገብቶ ቆሞበታል። ፍርክስክስ ያለ ጉድጓድ ካለ ዕድሜው አልቋል። ማናቸውም ቢሆኑ መጣል ነው። የተቃጠለውን ከተቃጠለው መርጦ «ይቺኛዋ ትሻላለች» ማለት አያዋጣም።

ከዚያ ወደምፈራው ቦታ ሂድ፣ የአክስሉ ጫፍ። የውስጥ ቀለበቱ እዚያ ላይ በእጅ ግፊት መግባትና መውጣት አለበት፤ ሲሠራ እንዲያ ነው። ግን ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ፣ በጥፍርህ ስትዳብሰው እርከን ከያዘ፣ ወይም ጥርሱ ከተበላ ሥራ አይቀጥልም። ጅማም ይሁን ሌላ ቦታ መፍትሔው ወዲያው ይነገርሃል፦ በብየዳ ይሞላ፣ ቶርኖ (የብረት መፋቂያ ማሽን) ይግባ። አታድርገው። ይህ ክፍል በልዩ ሁኔታ የጠነከረ ብረት ነው። የብየዳው ሙቀት ያንን ጥንካሬ ያበላሸዋል፤ በብየዳው ጥግ የማይታይ ስንጥቅ ይተዋል። ቶርኖው ያምር ይሆናል፤ ስንጥቁን ግን አያወጣውም። መቀየር ብቻ ነው። ከተጣለ መኪና የወጣ ጤነኛ ያገለገለ ክፍል ከተበየደ ይሻላል።

ሞዞውም የራሱ ፈተና አለው። የውጭ ቀለበቱ ሞዞው ውስጥ በኃይል መግባት አለበት። በጣት ከገባ፣ ቤቱ ሰፍቷል። ብዙ ቦታ ቤቱን በፑንታ (በመዶሻ በሚመታ ሹል ብረት) እየነቆሩ ያጠቡታል። ያ ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ነቁጦቹ ይደፈጠጣሉ፣ ቀለበቱ እንደገና መዞር ይጀምራል። ሞዞው በጥሩ ቶርኖ ተፍቆ ቡሽ ሊገባለት ይችላል፣ ካልሆነ ይቀየር። ደህና ከሆነ ደግሞ አዲሱን ቀለበት በነሐስ ፑንታ ወይም በአሮጌው ቀለበት እየገፋህ ዙሪያውን እኩል አስገባ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል። እዚያ ካልደረሰ፣ ከሥሩ ቆሻሻ ተይዞም ከሆነ፣ ዛሬ ያስተካከልከው ጥብቀት በሳምንቱ የለም።

ዕቃውን ስትገዛ የውስጡና የውጭ ቀለበቱ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሳጥን የመጡ ይሁኑ። የአንዱን ሮለር ከሌላው ቀለበት ጋር አታጋባ። በጃፓን ስም የተጠቀለለ ሁሉ ከጃፓን አልመጣም። ቁጥሩ ቀለበቱ ራሱ ላይ ጥርት ብሎ ተቀርጿል ወይ? ሁለቱን በእጅህ ስታሽከረክር ይንቀራፈፋል ወይ? ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከወረደ መልሱ እዚያው አለ። ስለ ቻይና ዕቃ አልጠየቅከኝም፤ መጠየቅህ ግን አይቀርም። ስሙን ያልደበቀ የቻይና ፋብሪካ ዕቃ በሐሰት ስም ከሚሸጠው ይበልጣል።

ጭነትህንም ሳላነሳ አላልፍም። የሮለር ኩሽኔታ ስሌት ላይ ጭነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። 35 ኩንታል በሚባል መኪና ላይ 50 ስትጭን አብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ነው ትለኛለህ። ሜዳ ላይ ልክ ነህ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ልክ ሞዞው በሚሞቅበት ሰዓት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጭነት አትጫን፣ በተለይ ጊቤን አትሻገር። ቀኙን ክፈት፤ የውስጡንም የውጪውንም ኩሽኔታ ከነቀለበታቸው ቀይር፣ ሲሉንም ጨምር። የአክስሉ ጫፍ ከነደደ እዚያው አቁምና ክፍሉን ፈልግ። ግራውንም በዚያው ቀን ክፈተው፤ ጤነኛ ከሆነ አጥበህ፣ ግሪስ አጠጥተህ፣ አዲስ ሲል አድርገህ መልሰው። ሁለቱንም በመጽሐፉ ቁጥር፣ በሚዛን አስተካክል። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ አመስግነህ ሌላ ጋ ሂድ። ሚዛን ሲያይ የማይከፋውን ምረጥ።

ሲያልቅ የፍሬን ሸራውን መልሰህ አስተካክል፤ ማላላትህ እንዳይረሳ። ባዶውን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ንዳና ሁለቱን ሞዞዎች ንካ። አዲስ ኩሽኔታ መጀመሪያ ላይ ለብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከመዳፍህ አቅም በላይ መሞቁ ግን አይጠበቅም። የጎማ ዳዶዎቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ድጋሚ አጥብቅ። በብዙ የቆዩ የጃፓን የጭነት መኪናዎች የግራ ጎማ ቡሎኖች ጥርሳቸው ግልባጭ ነው፤ ጫፋቸው ላይ ኤል የምትል የላቲን ፊደል ካለ ወደ ግራ ነው የሚጠብቁት። ከሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ጎማውን አንስተህ የላይና የታቹን ፈተና ድገም።

ከዚያ ወዲያ በዓመት አንዴ ክፈተው፤ ጊዜው መስከረም ይሁን። ክረምቱ ውሃውን አስገብቶ ጨርሷል፣ የቡናው ጭነት ገና አልጀመረም። በሥራ ቀን ደግሞ ከቁልቁለት እንደወረድክ መኪናውን ወንዝ ውስጥ አታቁም፣ በውሃ ግፊትም አታሳጥብ። የጋለ ሞዞ በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ባዶውን ለመሙላትም ውሃውን በሲሉ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ግማሽ ሰዓት ያህል አቁመው፣ ይብረድ፣ ከዚያ ይታጠብ።